ስቶፕ ሲጫኑት የማይለቅ ረዳት ሪሌ

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ነው። ረዳት ሪሌ ማለት በትንሽ ከረንት ታዞ የትልቁን ማብሪያ፣ የኮንታክተሩን፣ ኮይል የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ነው፤ ኮይሉ (ጥቅልል ሽቦው) ሲታዘዝ ስቦ ኮንታክቱን (መገናኛ ነጥቡን) ይዘጋል። ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሰላም ኢንጂነር፣ እንደምን ሰነበቱ? 6.6 ኪሎ ቮልት የሆኑ ሁለት የውሃ ፓምፕ ሞተሮች አሉን። የሚነሱት በቫኪዩም ኮንታክተር ነው። ኮንትሮል ሩሙ ከስዊችጊር ክፍሉ (ኮንታክተሮቹና ብሬከሮቹ ካሉበት) 400 ሜትር ያህል ይርቃል። መሃል ላይ ያለው ረዳት ሪሌ ስለተቃጠለ ከመርካቶ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩት። ኮይሉ እንደ ድሮው 110 ቮልት ዲሲ ነው። ኮንታክቱ ‹10 አምፔር፣ 250 ቮልት› ይላል። ሁለት ወር ሳይሞላው ስቶፕ ስንጫን ሞተሩ አልቆም አለ። ከላይ ያለውን ብሬከር ጥለን ነው ያቆምነው። ሪሌውን ስፈታው ኮንታክቱ ተጣብቋል። ሌላው ደግሞ፣ ከፒኤልሲ (ማሽኖቹን ከሚያዘው ኮምፒውተር) በ230 ቮልት ኤሲ ትዕዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሪሌ አለን። ትዕዛዙ ከጠፋ በኋላም አንዳንዴ ሳይለቅ ይቀራል። እንዴት ልምረጥ? እንዴት ልግጠም? እባክዎ ያስረዱኝ።»

ወንድሜ፣ እንኳን ሰው ሳይጎዳ አለፈ። አልነሳም ያለ ሞተር ሥራ ያስፈታል፣ እዳው ገብስ ነው። አልቆምም ያለ ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። ብሬከሩን መጣላችሁ ትክክል ነበር።

ሪሌው ፎርጂድ ላይሆን ይችላል። ሻጩም አላታለለህ ይሆናል። 10 አምፔሩ እውነት ነው፣ ግን ለኤሲ ነው። አንተ የሰጠኸው ዲሲ ነው፣ ያውም የኮይል ጭነት። ረዳት ሪሌ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት አምፔር ይሸከማል?» አይደለም። «በእኔ ቮልቴጅ፣ በዲሲ፣ ስንት አምፔር መቁረጥ ይችላል?» ነው። መሸከምና መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለምን እንደሆነ እንይ። ኮንታክት ሲከፈት በመሃሉ አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ይፈጠራል። የእኛ ኤሲ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። አርኩ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል፣ ኮንታክቱም ይገላገላል። ዲሲ ግን ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። አርኩ የሚጠፋው ክፍተቱ በቂ ሲሆን ብቻ ነው። በትንሽ ተሰኪ ሪሌ ውስጥ ደግሞ ክፍተቱ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። ስለዚህ በ250 ቮልት ኤሲ 10 አምፔር የሚቆርጠው ሪሌ፣ በ110 ቮልት ዲሲ ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው 0.3 ወይም 0.4 አምፔር ገደማ ነው። ይህም እንደ ሂተር ላለ ንጹህ ጭነት ነው። ለኮይል ሲሆን ከዚያም ይወርዳል፤ ኮይል በውስጡ ያከማቸውን ጉልበት ወደ አርኩ ስለሚያራግፍ።

አሁን ያንተን ኮንታክተር እናስላ። ኔምፕሌቱን ስላላየሁ ለምሳሌ ያህል ኮይሉ ሲስብ 500 ዋት፣ ከሳበ በኋላ ደግሞ 50 ዋት ይወስዳል እንበል። ሲስብ 4.5 አምፔር ነው። ሲይዝ 0.45 አምፔር ነው። ስቶፕ ስትጫን ያ ሪሌ የሚቆርጠው 0.45 አምፔሩን ነው። ትንሽ ቁጥር ትመስላለች። ግን ሪሌው በንጹህ ጭነት እንኳ ከሚችለው በላይ ናት። ስቶፕ በተጫናችሁ ቁጥር እዚያች ሪሌ ውስጥ ትንሽ ብየዳ ሲካሄድ ነበር ማለት ነው።

የፈታኸውን ሪሌ አልጣልከው እንደሆነ ኮንታክቱን በአጉሊ መነጽር እየው። በአንዱ ፊት ላይ ሾጣጣ ጉብታ፣ በሌላው ላይ ደግሞ እሱን የሚገጥም ጉድጓድ ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ዲሲ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ብረቱን ከአንዱ ኮንታክት እያነሳ ሌላው ላይ ይከምረዋል። በመጨረሻ ጉብታው ጉድጓዱ ውስጥ ይሰካና ይቆለፋል። አንዳንዴ በጣት መታ ሲያደርጉት ይለቃል። «ሰርቷል» ብሎ መልሶ መሰካት ከዚህ ነው የሚመጣው። ይህን የሚያደርግ ባልደረባ ካለህ ምከረው።

ታዲያ ምን ትግዛ? በሪሌው ጎን ወይም በዳታሺቱ ላይ «ዲሲ-13» የሚል ምድብ ፈልግ። ለዲሲ ኮይል ጭነት የተሰጠ ደረጃ ነው። «ኤሲ-15» የሚለው ለኤሲ ኮይል ነው፣ አንተን አይመለከትህም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ በፊደልና በቁጥር ይጻፋል። «አር 300» በ125 ቮልት ዲሲ 0.22 አምፔር ነው። «ኪው 300» 0.55 አምፔር ነው። «ፒ 300» 1.1 አምፔር ነው። ከላይ ላሰላነው 0.45 አምፔር ኪው 300 ለጥቂት ያልፋል፣ ፒ 300 ግን ልብህን ያሳርፈዋል። ይህ ጽሑፍ የሌለበትንና ዳታሺት የማይገኝለትን ሪሌ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢማርክ፣ ለዚህ ቦታ አትግዛው።

ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው የአንዱን ሪሌ ሁለት ወይም ሦስት ኮንታክቶች በሲሪየስ ማሰር ነው። አርኩ ይከፋፈላል፣ የመቁረጥ አቅሙም በደንብ ይጨምራል። ሁለተኛው ውስጡ ማግኔት ያለው ሪሌ ነው። ማግኔቱ አርኩን ወደ ጎን ገፍቶ ያጠፋዋል። ብዙዎቹ ላይ ፕላስና ማይነስ ተለይቶ ስለተጻፈ አገለባብጠህ እንዳታስረው። ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ በተሰኪ ሪሌ ፋንታ የዲሲ ኮይል ያለው ትንሽ የኮንትሮል ኮንታክተር ማስገባት ነው። ቦታ ይወስዳል፣ ሲስብም ድምፅ አለው። ግን ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ በየሱቁም አይጠፋም።

ዳዮድስ? ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ኮይሉ ላይ ዳዮድ (ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ብታስር አርኩ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ጣጣው፣ ከረንቱ በዳዮዱ በኩል እየዞረ ስለሚቆይ ኮንታክተሩ ዘግይቶ ይለቃል። ለትንሽ ሪሌ ኮይል ችግር የለውም፣ እሰረው። ለዋናው ቫኪዩም ኮንታክተር ግን መዘግየቱ ከፕሮቴክሽኑ ጋር ይጣላል። እዚያ የሚሻለው ቫሪስተር (ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ነው። ከዚያ በፊት ማኑዋሉን እይ። ብዙ ቫኪዩም ኮንታክተሮች የኮይሉን ከረንት የሚቀንስ ካርድ ስላላቸው መከላከያው ውስጡ ተሠርቶ ይመጣል። ደርበህ ባትጨምርበት ጥሩ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ኮይሉ ሁልጊዜ እየበላ ስለሚይዘው ዓይነት ነው። ሞተሩን ለማቆም ከላይ ያለውን ብሬከር መጣል ስላስፈለጋችሁ ያንተም እንደዚያ ይመስለኛል። ሌላ ዓይነት አለ። አንዴ ከሳበ በኋላ በመካኒካል መንጠቆ ይያዝና ለመክፈት የተለየ ትሪፕ ኮይል ይኖረዋል። ሁለት ኮይል ካየህ እሱ ነው። እዚያ የሪሌው ሥራ መዝጋት ብቻ ነው። ከረንቱን የሚቆርጠው የኮንታክተሩ የራሱ ረዳት ኮንታክት ነው፤ ከትሪፕ ኮይሉ ጋር በሲሪየስ ታስሯልና። ዲጂታል ፕሮቴክሽን ሪሌዎችም የተሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ለቅጽበት 30 አምፔር መዝጋት የሚችለው የውጤት ኮንታክታቸው፣ በ125 ቮልት ዲሲ የኮይል ጭነት ሲሆን መቁረጥ የሚችለው 0.3 አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ የረዳት ኮንታክቱ ማስተካከያ ከተዛባና ቶሎ ካልከፈተ፣ የሚቃጠለው ውዱ የፕሮቴክሽን ሪሌ ነው። እንዲህ ዓይነት ብልሽት ካየህ ሪሌውን ከመቀየርህ በፊት ሊንኬጁን (ረዳት ኮንታክቱን የሚያንቀሳቅሰውን መካኒካል ማያያዣ) ፈትሽ።

ወደ 400 ሜትሩ እንምጣ። «ለምን ረዳት ሪሌ አስፈለገ? ከኮንትሮል ሩም ቀጥታ ኮይሉን ብናዘውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ገመዱ ላይ ነው። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በኪሎ ሜትር 12.1 ኦም ነው። ደርሶ መልስ 800 ሜትር ሲሆን 9.7 ኦም ይሆናል። ቅድም ያሰብነው 500 ዋት ኮይል ራሱ 24 ኦም ገደማ ነው። ሁለቱ በሲሪየስ ሲሆኑ ከ110 ቮልቱ ኮይሉ ጋ የሚደርሰው 78 ቮልት ብቻ ነው። ኮንታክተር እንዲዘጋ ደግሞ ቢያንስ 85 በመቶ፣ ማለትም 93 ቮልት ተኩል ይፈልጋል። ግማሽ ድረስ ስቦ ይንቀጠቀጣል፣ ኮይሉም ይጋያል። ረዳት ሪሌ ግን 1.5 ዋት ቢሆን 14 ሚሊአምፔር ነው የሚወስደው። በዚያ ሁሉ ገመድ የሚጠፋው ከ0.2 ቮልት በታች ነው። ስለዚህ ሪሌው ቦታው ኮንትሮል ሩም ሳይሆን ኮንታክተሩ አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ ባትሪውንም አትርሳ። 54 ሴል ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጅ ላይ እያለ 121 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ተጠቅሞ ሲያልቅ 97 ቮልት ድረስ ይወርዳል። የምትገዛው ሪሌ በሁለቱም ጫፍ መሥራት አለበት፤ በከፍተኛው ሳይግል፣ በዝቅተኛው ሳይሰንፍ።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ያ የማይለቀው የ230 ቮልት ኤሲ ሪሌ፣ ኮንታክቱ ጤነኛ ነው ብዬ እገምታለሁ። ኮይሉ ላይ ያልታዘዘ ቮልቴጅ አለ። ምንጩ ከሁለት አንዱ ነው። ፒኤልሲው በትራያክ (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) የሚያዝ ከሆነ ትራያክ ጠፍቶም ጥቂት ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ካልሆነ ገመዱ ነው። በአንድ መልቲኮር ኬብል ውስጥ አንዱ ኮር ላይ 230 ቮልት ካለ፣ 400 ሜትር አብሮት የሚሄደው ኮር በመካከላቸው ባለው ካፓሲታንስ (ሽቦዎቹ ሳይነካኩ ኤሲን የሚያሻግር ባሕርይ) ጥቂት ሚሊአምፔር ያገኛል። ትንሽ የኤሲ ሪሌ ለመሳብ የሚፈልገው 5 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ስቦ ከቆየ በኋላ እንዳይለቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። እንዲያውም የሚገርመው አንዳንዴ መልቀቁ ነው።

በዲጂታል መልቲሜትር ብትለካው 80 ወይም 100 ቮልት ያሳይህና ግራ ትጋባለህ። ሜትሩ ምንም ስለማይጭነው ነው። በኮይሉ ላይ ትንሽ የ230 ቮልት አምፖል በፓራለል እሰርና እንደገና ለካ። ቮልቴጁ ወዲያው ከወደቀና ሪሌው ከለቀቀ ምርመራው አለቀ። መድኃኒቱም ከዚያው ይከተላል። ለጊዜው በኮይሉ ላይ ለዚሁ የተሠራ ሬዚስተርና ካፓሲተር ያለው ሞጁል በፓራለል አስገባ። ለዘለቄታው ግን ረጅሙን መስመር ወደ ዲሲ ቀይረው። ካፓሲታንስ ዲሲን አያሳልፍም።

አንድ ጥንቃቄ። ዲሲ ሪሌ በበኩሉ ቮልቴጁ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ላይለቅ ይችላል። ባትሪው አርዝ ፎልት (ከመስመሩ ወደ መሬት የሚያፈስ ብልሽት) ካለበት በሌላ መንገድ የሚመጣ ትንሽ ቮልቴጅ ይይዘዋል። የባትሪ ቻርጀሩ የአርዝ ፎልት አላርም በርቶ ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለባቸው ፋብሪካዎች ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያው ፎልት ብዙውን ጊዜ ብቻውን ጎልቶ አይታይም። ሁለተኛው ሲጨመር ኮንታክትህን አልፎ ኮይሉን ሊያዝ ይችላል። አላርሙን አሁኑኑ ሂድና እይ።

ገጠማው ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ሪሌው የሚቀመጠው ከላይ ባለው የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሳጥን ውስጥ ነው። ኬብል ወይም ኮንታክተር ክፍል ውስጥ በፍጹም አይገባም። በር ላይ ከመስቀል ከኋላ ባለው ፕሌት ላይ ባለ 35 ሚሊሜትር ሬይል ላይ እሰረው። ኮንታክተሩ ሲዘጋ ፓነሉን ያናውጠዋል፣ በር ደግሞ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ሪሌውን ሶኬቱ ላይ የሚይዘውን ቅንጥብ አትተወው። የሽቦዎቹን ጫፎች በፌሩል (በብረት ቆብ) ጨርስ፣ ቁጥር አድርግባቸው። ኮንታክቱን በፕላስ በኩል አስገባ፣ የኮይሉ ሌላ ጫፍ ቀጥታ ወደ ማይነስ ይሂድ። መከላከያው ኤምሲቢ (ትንሹ ብሬከር) ለዲሲ የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ። ለሪሌ የነገርኩህ የአርክ ታሪክ ለእሱም ይሠራል።

ስለ አቧራ ግን ትንሽ ልበል፣ የአዳማ ሰው ስለሆንክ። ያ ኮረብታው ላይ የሁለቱን የነፋስ ማመንጫዎች፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት፣ የሚያዞረው ንፋስ የናንተ ፓነል ውስጥም ይገባል። ከፍተኛ ከረንት የሚያልፍበት ኮንታክት አቧራውን በአርኩ ያቃጥለዋል። ወደ ፒኤልሲ በ24 ቮልት ጥቂት ሚሊአምፔር የሚልክ ኮንታክት ግን አቅም የለውም፣ አንዲት ቅንጣት ትዘጋዋለች። ለዚያ ሲግናል በወርቅ የተለበጠ ኮንታክት ያለው፣ ሽፋኑ የታሸገ ሪሌ ተጠቀም። ያንኑ ሪሌ አንድ ቀን እንኳ ለኮይል ከተጠቀምክበት ወርቁ ይነሳል፣ ወደ ሲግናል አይመለስም። የከፍታውን ጉዳይ ብዙ ሰው ያነሳዋል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። የዝቅተኛ ቮልቴጅ ዕቃዎች የአየር ክፍተት እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ስለሚሠራ ለሪሌው አትስጋ። የመካከለኛ ቮልቴጅ ዕቃ ግን ስሌቱ እስከ 1,000 ሜትር ነው። ኮንታክተር ወይም ፓነል ስታዝ ከፍታውን ጻፍ።

ስቶፕ በአንዲት ሪሌ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አድርገው። የአደጋ ጊዜ ስቶፑና የፕሮቴክሽን ሪሌው ኮንታክት በረዳት ሪሌው በኩል ሳይዞሩ በቀጥታ በዋናው ኮይል መስመር ላይ በሲሪየስ ይግቡ። እነሱም መቁረጥ የሚችሉት ስንት እንደሆነ እይ። ከዚያ አንድ ታይመር ጨምር። «ስቶፕ» ተብሎ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ የኮንታክተሩ ረዳት ኮንታክት «አሁንም ተዘግቻለሁ» ካለ፣ ታይመሩ ራሱ ከላይ ያለውን ብሬከር ይጣለው። ያን ቀን በእጃችሁ ያደረጋችሁትን ማለት ነው።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ኮንትሮላችሁ ከባትሪ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ አይለቅም። ባትሪው ይዞት ይቆያል። መብራት ሲመጣ ሁለቱም ፓምፖች ባንዴ ይነሳሉ። ሞተር በቀጥታ ሲነሳ የሚወስደው ከረንት የመደበኛውን አምስት ስድስት እጥፍ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ትራንስፎርመሩ ያቃስታል። በዚያ ላይ የፓምፑ ቼክ ቫልቭ ካፈሰሰ ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ፓምፑን በተቃራኒ ያዞረዋል። በዚያ ሰዓት ሞተሩ ከተነሳ ዘንጉ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ቮልቴጅ ሲወርድ ኮንታክተሩን የሚያስለቅቅ የአንደርቮልቴጅ ሪሌ፣ ቁጥሩ 27 የሚባለው፣ መኖሩን አረጋግጥ። ስታርቱም ሆልዲንግ ኮንታክት ያለው ይሁን፤ ሰው ካልተጫነው በቀር እንዳይነሳ። የመጠበቂያ ታይመርም ጨምርበት፤ ለሁለቱ ፓምፖች የተለያየ ሰዓት ስጣቸው። የዲጂታል ሪሌውን ሴቲንግ ስትነካ ደግሞ፣ ከፊውዝ ጋር የሚሠራ ቫኪዩም ኮንታክተር ከጥቂት ሺህ አምፔር በላይ መቁረጥ እንደማይችል አስታውስ። ለሾርት ሰርኪት ፊውዙ ይቅደም፣ ኮንታክተሩ አይቸኩል።

ሙከራው። ኮንታክተሩን ወደ ቴስት ቦታ ጎትተህ አውጣ፣ ቆልፍ፣ ታግ አድርግ። የቫኪዩም ኮንታክት መከፈት ብቻውን መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ኬብሉን የምትነካ ከሆነ ለክተህ አርዝ አድርገው። ይህን የሚያደርገው በመካከለኛ ቮልቴጅ ላይ እንዲሠራ የተፈቀደለት ሰው ነው። ከዚያ ተስተካካይ የዲሲ ምንጭ ያዝና ሪሌውን ከዜሮ እያሳደግክ በስንት ቮልት እንደሳበ፣ እየቀነስክ በስንት እንደለቀቀ ጻፍ። በ88 ቮልት ካልሳበ አይረባህም። ስታርትና ስቶፕ ደጋግመህ አድርግ። ባትሪውን አጥፋ፣ አብራ፣ አንድም ነገር በራሱ መነሳት የለበትም። ሜገር (የኢንሱሌሽን ፍተሻ) የምታደርግ ከሆነ ፒኤልሲውንና ዲጂታል ሪሌውን አስቀድመህ ንቀል።

በብዙ ተሰኪ ሪሌዎች ላይ ያለችውን ባለ ቀለም የሙከራ ማንሻም እያት። ወደ ላይ ከተገለበጠች ኮንታክቱን ቆልፋ ትይዘዋለች። ምሽት ላይ አንዱ ለፍተሻ ገልብጧት ከረሳ፣ ጠዋት ስቶፕ አይሠራም፤ ሪሌውም ሳይቃጠል። በስቶፕና በትሪፕ መስመር ላይ ማንሻ የሌለው ሪሌ ግዛ፣ ካልተገኘ ማንሻዋን ነቅለህ አውጣት።

አዲሱ ዕቃ እስኪመጣ ድረስ በስፔር ካለህ ተመሳሳይ ሪሌ ሁሉንም ኮንታክቶች በሲሪየስ አስረህ ግጠም፤ ፓምፖቹም ብሬከሩ አጠገብ ሰው ሳይኖር አይነሱ። የኮንታክተሩን ኔምፕሌትና የኮንትሮል ድሮዊንጉን ፎቶ ላክልኝ፣ የኮይሉን ትክክለኛ ከረንት አይቼ የሪሌውን ዓይነት እነግርሃለሁ።